ግራ ጆሮና ሌሎች ነዋሪዎች

«አትንኩት!» የሚል ሰው ያልበቀለበት ከተማ በዓለም ላይ የለም። ሶፋውን ከነላስቲኩ የሚያኖር፣ አዲስ ጫማውን ጭቃ እንዳይነካው ተሸክሞ የሚሄድ ዓይነት ሰው ማለቴ ነው። የእኛ የፔንስልቬንያ ሐይቅ ዳር ከተማ ግን የዚህን ዘር ንጉሠ ነገሥት ታድላለች፤ ክቡር ሚስተር ኤልዉድ ክሬመር፣ የእንጨት ፈረሶች ሁሉ የበላይ ጠባቂ!

ፈረሶቹን ከመቶ ዓመት በፊት የጠረቧቸው ከጀርመን የመጡ አናጢዎች ናቸው። በሚሽከረከር ክብ መድረክ ላይ ተተክለው፣ በኦርጋን ሙዚቃ ታጅበው፣ ልጅ ተሸክመው ይሾራሉ። ከድሮው መዝናኛ ፓርክ የቀሩት እነሱ ብቻ ናቸው፤ የቀሩትም በኤልዉድ ቁጣ ነው። ልጁ ገና ሳይፈናጠጥ፣ «አንተ! ጆሮውን አትያዝ! ልጓም የተሠራልህ ለጌጥ ነው?» ይላል። ልጁ ጆሮውን ይይዛል። ጆሮው ይሰበራል። ኤልዉድም የበረዶውን ወራት ሙሉ ምድጃ አጠገብ ተቀምጦ፣ እየተራገመ አዲስ ጆሮ ይጠርባል።

ሰውየው የሰው ስም አይዝም፤ የሚይዘው ስብራት ነው። ከንቲባችን ዶሪን ፉልመር በልጅነቷ የነጩን ፈረስ ግራ ጆሮ ገንጥላለች። እስከ ዛሬ በአደባባይ፣ «እንዴት አደርሽ፣ ግራ ጆሮ?» ይላታል። ፓስተሩ «የፊት እግር» ናቸው። እኔ «ጭራ» ነኝ፤ ጭራው የእውነት የፈረስ ጸጉር ነው ሲሉኝ ለማረጋገጥ ሳብኩት፣ መጣልኝ። እናቴን የቀበርን ዕለት ትከሻዬን ይዞ፣ «አይዞህ፣ ጭራ» አለኝ። በስሜ ጠርተው ካጽናኑኝ ሁሉ ይልቅ እሱ አጽናናኝ።

ባለፈው ሚያዝያ የፈረሶቹ ጣሪያ ማፍሰስ ጀመረ። ይህን የሰማ ሚስተር ፕሬስኮት የተባለ የሙዚየም ሰው ሊገዛቸው መጣ። በእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ ተሰበሰብን።

«መስታወት ውስጥ እናኖራቸዋለን» አለ። «ኋላ የተቀጠለውን ሁሉ አውልቀን እንደ ጥንታቸው እናደርጋቸዋለን። ከእንግዲህ ማንም አይነካቸውም!»

ሁላችንም ወደ ኤልዉድ ዞርን። የዕድሜ ልክ ጸሎቱ ሰመረለት ብለን የደስታ እንባውን ጠበቅን። ብድግ አለ።

«የተቀጠለውን ሁሉ? የእሷንም ጆሮ?» ወደ ከንቲባዋ ጠቆመ።

«አዎ፣ እሱ ኦሪጅናል አይደለማ።»

«ስማኝ ወዳጄ፣ የተቀጠለው እኮ ነው ከተማው! ደግሞስ ማንም ካልነካቸው እኔ ማንን ልቆጣ?»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ዶሪን ወንበር ላይ ወጥታ፣ «አይሸጡም፣ ጣሪያውን ራሳችን እንሠራለን የሚል እጁን ያውጣ!» ብላ ጮኸች። ያላወጣ አልነበረም። እኔማ ሁለቱንም አወጣሁ።

«ጭራ፣ አንዱን አውርድ» አለኝ ኤልዉድ።

ከዚያ ማን ይቻለን! ሽማግሌ ሳይቀር ወደ ፈረሶቹ ሮጠ። ኦርጋኑ ሲጀምር ሚስተር ፕሬስኮትም አላስቻለውም፤ ጥቁሩ ፈረስ ላይ ወጥቶ እንደ ሕፃን እየሳቀ ዞረ። ሲወርድ እግሩ እርካቡ ውስጥ ቀረበት። እጁ ያገኘውን ያዘ። ቀጭ አለ።

ሰውየው ስባሪውን በመዳፉ ይዞ ቀረ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ኤልዉድ መነጽሩን አድርጎ እንጨቱን አገላብጦ አየና ኪሱ ከተተው። ከዚያ እጁን ዘረጋለት።

«እንኳን ደህና መጣህ፣ ቀኝ ጆሮ።»