የመምህር ታደለ ሰዓትና የእኔ ደረት

በሰው ገላ ካሉት አገልጋዮች ሁሉ የሚያሳዝነው ልብ ነው። እግር ሲደክመው ይቀመጣል። ዐይን እንቅልፍ ሲመጣ ይከደናል። አፍ እንኳ፣ ያውም የለፍላፊ አፍ፣ የሚናገረው ሲያጣ ዝም ይላል። ልብ ግን እሁድ የለው፣ ዓመት በዓል የለው፤ እኛ ስንተኛም ስንጣላም ጨለማ ውስጥ ብቻውን ሲመታ ያድራል። ታዲያ «እንደምን አደርክ?» ያለው ሰው አለ? እናንተም አላላችሁትም። የምንጠይቀው ሲታመም ነው። ዘመድም እንደዚሁ ነው፤ የዘመዱን ነገር ግን ለሌላ ቀን እንተወው።

«ልብ ካላየ ዐይን አያይም» ይባላል። ልብን ራሱን ማን ይየው ታዲያ? ይህን ያሰቡ ሰዎች ናቸው መሰለኝ ልብን በእጅ አንጓ ላይ በቁጥር የሚያሳይ ሰዓት የሠሩት። ለሯጭ ነው የተሠራው አሉ። እየዞረ እየዞረ ግን አርባ ምንጭ ደረሰና ሩጫ ካቆሙ ዘመን ባለፋቸው በሁለት ሽማግሌዎች እጅ ወደቀ።

እኔ ነገር አላበዛም። ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ ሳለማ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ሙዝ ደግሞ ወሬ አይወድም። ፊደል አልቆጠርኩም፣ ይህንንም እኔ ስናገር የምትጽፈው ልጄ ናት። ቁጥር ግን አውቃለሁ። ሙዝ በኪሎ ሸጦ የኖረ ሰው ቁጥር ካላወቀ ሚዛኑ ይበላዋል።

የሰዓቱ ባለቤት መምህር ታደለ ነው። ከጎጃም ገና ጢሙ ሳያቀመቅም ጨንቻ ለማስተማር ተመድቦ መጣ፤ ከዚያ ወደ አርባ ምንጭ ወረደ፣ ጡረታ ወጣ፣ «አገሬ እገባለሁ» ሲል ሲል አገሩ እዚሁ ሆኖ ቀረ። መጀመሪያ «እርስዎ» እለው ነበር። አንድ መስቀል ጨንቻ ወንድሜ ቤት ከአንድ ገበታ ቁርጥ ከቆረጥን በኋላ «አንተ» ተባባልን። እሱ ያወራል፣ እኔ እሰማለሁ። ወዳጅነት ከዚህ በላይ የሥራ ክፍፍል አይፈልግም።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ለመስቀል አብረን እንወጣለን። ለእኛ ለጋሞዎች መስቀል የአንድ ቀን በዓል አይደለም፤ ዓመቱ የሚገባበት በር ነው። የተጣላ ሳይታረቅ፣ የራቀ ሳይመጣ በሩ አይከፈትም። ወንድሜ ቤት ከምድጃው በስተቀኝ አንዲት በርጩማ አለች፣ የመምህር ናት፣ ሌላ ሰው አይቀመጥባትም። አምና ግን መምህር ልቡን ታሞ ሳይወጣ ቀረ። ወንድሜ ቦታዋን ማንም እንዳይነካት ብሎ አንድ ጥቅል ቆጮ አስቀመጠባት። ስንበላም ስንጠጣም ዐይናችን ወደዚያ ጥቅል ይሄዳል። ከመስቀል ማግስት ወርጄ ይህን ብነግረው፣ ያ ሲያወራ የሚውል ሰው፣ ወሬውን ትቶ ፊቱን ወደ ጨንቻ ተራራ አዞረ።

ሐኪሙ «መራመድ ደግ ነው፣ ዳገት ግን በልክ፤ ምቱ ከመቶ አሥር ካለፈ ተቀመጥ» ብሎታል። ይህን ስትሰማ ነው አዲስ አበባ የምትሠራው ልጁ ሰዓቱን የላከችው። ዕቃው ሁለት ነው፦ አንዱ በእጅ የሚታሰር ሰዓት፣ ሁለተኛው ሸሚዝ ሥር ደረት ላይ የሚታሰር ቀበቶ። ቀበቶው ልብን ያዳምጣል፣ ለሰዓቱ ሹክ ይለዋል፣ ሰዓቱ ቁጥሩን ያወጣል። የሚደማመጡት ግን ተጠጋግተው ሲቆዩ ብቻ ነው። ጥቂት ከተራራቁ ሰዓቱ ባዶ ይሆናል። ይህን ልብ አድርጉልኝ፣ ኋላ ይመጣል።

የመምህር ባለቤት እትዬ የሺ ሕጉን አወጡ። «ዘንድሮ ሰዓቱ ከፈቀደ ጨንቻ ይወጣል። ካልፈቀደ አይወጣም።» በዚህ ዓይነት ሰዓቱ የቤቱ ሽማግሌ ሆነ። ሽማግሌው ግን እንቁጣጣሽ እንዳለፈ መቃዠት ጀመረ። ጠዋት ኩልፎ ዳር ስንራመድ አርባ ይላል። መምህር ቁጭ ብሎ ሻይ ሲጠጣ ሁለት መቶ ይላል። አንዳንዴም ጭራሽ ዝም።

«ባትሪው ነው» አለ መምህር።

«ባትሪው ይሁን አንተ፣ እኔ በምን አውቃለሁ?» አሉ እትዬ የሺ። እውነታቸውን ነው።

ሲቀላ ወደሚባለው የገበያ ሰፈር ወርደን ደስታ ከሚባለው ሰዓት ሠሪ ዘንድ ሄድን። ደስታ ቀበቶውን በሳንቲም ከፈተው። ውስጡ እንደ አዝራር ያለች ጠፍጣፋ ባትሪ ተኝታለች። «ይህቺ አልቃለች አባቶቼ፣ የዚህ ዓይነት ደግሞ የለኝም» አለና ወደ ጎረቤቱ ጮኸ። ጎረቤቱ ኮምፒውተር ይጠግናል። ከአንድ የሞተ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ተመሳሳዩን ፈልቅቆ አመጣ።

«ያገለገለች ናት» አለ ደስታ። «ለመስቀል ታደርሳችኋለች። ከመስቀል ወዲያ አላውቅም።»

«እኛስ እናውቃለን?» አለ መምህር።

መሞከር አለበት፤ ለመሞከር ደግሞ ደረት ያስፈልጋል። መምህር ለገበያ ሲወጣ ካለ ክራቫት የማይወጣ ሰው ነው። መንገድ ዳር ሸሚዝ እንዲከፍት መጠየቅ እንደ ስድብ ነው። እኔ ከፈትኩ። ደስታ ቀበቶውን በውኃ አርሶ አሰረልኝ። ቀዘቀዘኝ። መምህር ሰዓቱን በእጁ ይዞ ጠበቀ። ስድሳ አራት አለ።

«ይህ ያንተ ነው?» አለኝ።

«የኔ ነው።»

ቁጥሩን ብዙ ቆይቶ አየው። ከጠዋት ጭጋግ በኋላ ጫሞ ሐይቅ ሲገለጥ የሚያይ ሰው እንደዚያ ነው የሚያየው። «እንዴት ያለ ጸጥተኛ ልብ ነው አንተ!» አለ። ሸሚዜን ከመቆለፌ በፊት ቀበቶውን ለመፍታት እጄን ሰደድኩ። ያዘኝ። «ተወው» አለኝ፤ «አትፍታው። አንተ እሰረው፣ እኔ ሰዓቱን ልሰር።»

ገብቷችኋል። እኔም ገባኝ። እምቢ ማለት ነበረብኝ። ያ የቆጮ ጥቅል ግን በዐይኔ መጣ። እኔ ነገር ስለማላበዛ ዝም አልኩ፤ ዝምታን ደግሞ መምህር ሁልጊዜ እሺታ ነው ብሎ ይወስደዋል።

ቤት ስንደርስ እትዬ የሺ ምሳ አቅርበው ጠበቁን። ቀበቶው በሸሚዜ በኩል እንዳይታይ ጋቢ ለብሻለሁ። አርባ ምንጭ ላይ፣ በቀትር።

«አያ ኦይቻ፣ በዚህ ሙቀት ጋቢ?»

«ብርድ ብርድ አለኝ፣ እትዬ።»

የባላቸውን እጅ ይዘው ሰዓቱን አዩ። ስድሳ ስምንት። «ተመስገን!» አሉ። ግን ጎጃሜ ሴት ናቸው፣ በአንድ ተመስገን አይታለሉም። «እስቲ ግቢውን ዙርልኝ» አሉት። መምህር ዞረ። ሰዓቱ ባዶ እንዳይሆን እኔም እንደ ጥጃ በጎኑ ተከተልኩት።

«እርስዎ ደግሞ ምን ያዞርዎታል?»

«እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው።»

ዞረን ስንመለስ ሰባ ሁለት። ተቀመጥን። እትዬ የሺ የባላቸውን አንጓ እንደያዙ ነበር፤ ፊታቸው እየተፈታ፣ እየለሰለሰ መጣ። «እንግዲያ…» አሉ። ይህቺ «እንግዲያ» የጨንቻ ዳገት ናት፣ የወንድሜ በር ናት፣ በርጩማዋ ናት።

ይህን ጊዜ ጦጣ መጣች።

በአጥሩ ዘልላ የእትዬ የሺ ፓፓያ ላይ ወጣች። እናንተ ጦጣ አይታችሁ ትስቁ ይሆናል። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ሙዜን ከነሱ ስከላከል የኖርኩ ሰው ነኝ። ጦጣ ፍሬ ላይ ሆና፣ እኔ ቁጭ ብዬ? ገላዬ አልተነሣም ነበር፣ ልቤ ግን ቀድሞ ተነሣ። መምህር ጉርሻውን በእርጋታ ሲያላምጥ ሰዓቱ ሰማንያ፣ መቶ፣ መቶ ሃያ አለ።

«ምን ሆንክ?» አሉ እትዬ የሺ።

እኔ ግን ያን አልሰማሁም። ጋቢዬን ጥዬ፣ ዱላዬን አንሥቼ፣ «ሂጂ!» እያልኩ ወደ ጓሮ በርሬያለሁ። ከኋላዬ እሪታ ሰማሁ። «ልቡ ቀጥ አለ! ሰዎች ድረሱልኝ፣ ልቡ ቀጥ አለ!»

ጦጣዋን አባርሬ ስመለስ መምህር ወለሉ ላይ ተጋድሟል፤ ራሱ ላይ ውኃ ፈስሶበታል፤ አፉ ውስጥ ጉርሻው እንዳለ ነው። «ደኅና ነኝ» ለማለት ጉርሻውን መዋጥ ነበረበት። ለመዋጥ ደግሞ ፋታ አላገኘም። እኔ እያለከለክሁ ጎንበስ ስልለት ሰዓቱ ነፍስ ዘራ። መቶ ሠላሳ አንድ።

እትዬ የሺ ሰዓቱን አዩ። ተጋድሞ በቀስታ የሚተነፍሰውን ባላቸውን አዩ። የማለከልከውን እኔን አዩ። እንባቸው ጉንጫቸው ላይ እንዳለ ቆመ።

«ጦጣዋ ሄደች?»

«ሄደች።»

«አያ ኦይቻ፣ እስቲ ወደ በሩ ይሂዱ።»

ሄድኩ።

«ይመለሱ።»

ተመለስኩ።

«ደግሞ ይሂዱ።»

ሦስተኛ ጊዜ ሳይሉኝ በፊት ሸሚዜን ከፍቼ ቀበቶውን ፈታሁ። «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» ይላሉ። የእኛስ አላደረም፤ ገና ምሳ ላይ አለቀ።

እንደሚጮኹብን ጠበቅን። አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻል ነበር። መምህር ተነሥቶ ተቀመጠ፤ ውኃው ከክራቫቱ ይንጠባጠባል። «የሺ» አለ፣ «ሞትን አልፈራም ልልሽ አይደለም፤ እፈራለሁ። ግን በረንዳ ላይ፣ ወንበር ላይ፣ ሰዓት እያየሁ ስጠብቀው ይብሳል።»

«አንተ ሰዓት ታያለህ» አሉ እትዬ የሺ ቀስ ብለው። «እኔ ሌሊቱን ምን እያየሁ እንደማነጋው ጠይቀኸኝ ታውቃለህ? ደረትህ ከፍ ዝቅ ሲል ነው የማየው። ባትሪ የለኝ፣ ምን የለኝ።»

እሳቸው ቀበቶውን ከእጄ ወሰዱና ጓዳ ገቡ። ቆይተው ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። መምህር እጅ ላይ ያለው ሰዓት ዘጠና አምስት አለ።

«ሦስታችንም እንሄዳለን» አሉ። «ሰዓቱ አንተ ጋ ይሁን፣ ቀበቶው እኔ ጋ። የራስህን ልብ ካልፈራህለት የእኔን እያየህ ውጣ።»

ለመስቀል ወጣን። ሚኒባሱ ጠመዝማዛውን ሲወጣ ሐይቆቹ ከታች እየራቁ፣ እየደበዘዙ ሄዱ። ከላይ ጭጋግ ተቀበለን። የጨንቻን ጭጋግ ያላየ ሰው እንዴት እንደምነግረው አላውቅም፤ ቀርከሃው ግማሹ ይታያል፣ እንሰቱ ግማሹ ይታያል፣ ሰውም ከፊትህ ሲመጣ መጀመሪያ ድምፁ ነው የሚመጣው። እዚያ ውስጥ ስትሄድ ነቅተህ ይሁን ተኝተህ አይለይህም። ከመኪና ወርደን ወደ ወንድሜ ቤት በምትወስደው አቀበት ቀጭን መንገድ ገባን።

መምህር እንደ ልማዱ ከፊት ሆነ። እትዬ የሺ ከኋላው ተጠግተው፣ ዐይናቸውን ከጀርባው ሳይነቅሉ። ጥቂት ወጣና ሰዓቱን አየ። ቆመ። መቶ አሥራ ሁለት። ዞር ብሎ አያቸው። ከንፈራቸው ነጭ ሆኗል። ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እሳቸውም ቆመው ጠበቁ። ቁጥሩ ቀስ እያለ ወረደ፤ መቶ፣ ዘጠና፣ ሰማንያ። ሲነሣ ገና ሳይራመድ ከፍ አለ። ሲቀመጥ ደግሞ ወረደ። ከዳገቱ ይሁን ከፍርሃቱ እኔ አላውቅም፤ ባትሪም አይለየውም።

«የሺ» አለ፣ «ይህን ሁሉ ዓመት እንደዚህ ነበር?»

«ዳገት በወጣህ ቁጥር» አሉ።

ከዚያ በፊት መምህር እንደዚያ በልክ ሲራመድ አይቼው አላውቅም። ሐኪም ያልቻለውን፣ ልጁ ያልቻለችውን እየተነሣ እየተቀመጠ አደረገው። ጭጋጉ ውስጥ የሚሰማው የሦስታችን እግር ብቻ ነበር።

ከወንድሜ አጥር ጋ ስንደርስ ከውስጥ «ዮ መስቀላ! ዮ!» የሚል የጋሞ የመስቀል ጩኸት ተቀበለን። ወንድሜ ቆጮውን ከበርጩማዋ ላይ አነሣ። ዘንድሮም አስቀምጦባት ኖሯል፣ ምናልባት ብሎ። መምህር ተቀመጠ። ለእትዬ የሺም ሌላ በርጩማ አጠገቡ ተደረገላቸው። ሲጨዋወቱ ድንገት መምህር ሰዓቱን አየ። ባዶ። የዚያ የሞተ ኮምፒውተር ባትሪ እንደተባለላት ለመስቀል አድርሳን፣ እዚያው ሞታለች።

ልጁ ኋላ አዲስ ባትሪ ከአዲስ አበባ ልካለች። እንደታሸገች ቁም ሣጥኑ ላይ ተቀምጣለች። እትዬ የሺ «ትግባ እንጂ» ይላሉ፣ መምህር «ነገ» ይላል። ሰዓቱን ግን አይፈታውም። ጠዋት ኩልፎ ዳር ስንራመድ እሳቸውም መምጣት ጀምረዋል፤ እኔ ሙዜን እያየሁ ወደ ኋላ እቀራለሁ። መንገዱ ቀና ማለት ሲጀምር መምህር ቆም ይላል፣ ባዶውን ሰዓት ያያል፣ ከዚያ ዞር ብሎ የሚስቱን ፊት ያያል። ከዚያ ይቀመጣል።