የአማቴ ሁለት ኪኒኖች

እኔ የምለው፣ ይሄ ኦሜፕራዞል የሚሉት የጨጓራ ኪኒን መድኃኒት ነው ወይስ የምሳ ማባያ? እስቲ አቃቂ አንድ ሥጋ ቤት ግቡና እዩ። ሰዉ እጁን ታጥቦ ገና ሳይቀመጥ ኪሱን ይዳብሳል። አንዱ ያወጣል፣ ለጎኑ ያቀብላል፣ ያኛውም ‹‹ተባረክ›› ብሎ ዋጥ ያደርጋል። ማን አዘዘልህ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

አማቴ ጋሽ እንድሪስ የዚህ ነገር አውራ ናቸው። ወጣትነታቸውን በሙሉ ከወሎ አዲስ አበባ የጭነት መኪና ሲነዱ፣ መንገድ ላይ ያገኙትን ሲበሉ ኖረው ጨጓራቸው አለቀ። አሁን ሳሪስ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣሉ። የጨጓራውን ኪኒን ለስንት ዓመት እንደዋጡ እሳቸውም አያውቁም። ደም ግፊትም አለባቸው። የግፊቱን ግን የሚውጡት ራሳቸውን ሲያማቸው ብቻ ነው። ዝም ያለን በሽታ ለምን እነካካዋለሁ ይላሉ።

ታዲያ ሰሞኑን ባለቤቴ ዘሃራ ስልኳ ላይ አንድ ነገር አንብባ ክው ብላ መጣች። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሱ መድኃኒቶችን ለረጅም ጊዜ የሚወስዱ አረጋውያን ላይ ስትሮክ በዛ ያለ ይመስላል ይላል ጽሑፉ። ይመስላል ነው እንግዲህ። ሁለት ነገር አብሮ ታየ ማለት አንዱ ሌላውን አመጣው ማለት አይደለም ብዬ ላስረዳ ሞከርኩ። ማን ሰምቶኝ! የጋሽ እንድሪስ ታላቅ ወንድም በስትሮክ ግማሽ ጎናቸው ሽባ ሆኖ፣ አልጋ ላይ ከርመው ነው ያለፉት። እዚያ ቤት የዚህ በሽታ ስም ሲነሳ ሁሉም ድምፁን ይቀንሳል።

ጋሽ እንድሪስ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ኪኒን የተባለውን ሁሉ ለቅመው ጣሉት። የጨጓራውንም፣ የግፊቱንም! የግፊቱ ኪኒን ጨጓራ ያቃጥላል፣ መከላከያውን ከተውኩ እሱን በምን አንጀቴ እውጠዋለሁ አሉ። ስትሮክ ፈርተው ከስትሮክ የሚጠብቃቸውን አባረሩት ማለት ነው።

ሳምንትም ሳይቆይ አንድ ጠዋት ሱቃቸው ውስጥ ዞረባቸውና ባንኮኒውን ተደግፈው ቀሩ። ዘሃራ እያለቀሰች ደወለችልኝ። ደነገጥኩ፣ አልዋሽም። ይዘናቸው ጤና ጣቢያ በረርን። ነርሷ ግፊታቸውን ለካች፣ አላመነችም መሰለኝ ደግማ ለካች። ሐኪሙ ሁሉንም ነገር ከሰማ በኋላ ቆጣ አለ። የግፊቱ መድኃኒት በየቀኑ ነው፣ ለዕድሜ ልክ። የጨጓራው አብዛኛውን ጊዜ ለጥቂት ሳምንት ነው የሚታዘዘው፣ ከዚያ ካለፈ በሐኪም ክትትል ነው አላቸው። እሳቸው እኮ ሲገለብጡት ነው የኖሩት!

ጋሽ እንድሪስ አሰብ አደረጉና፣ ‹‹እንግዲህ ዶክተር፣ ለሚያመኝ ተው፣ ለማያመኝ ዋጥ ነው የምትለኝ?›› አሉት።

‹‹አዎ አባቴ፣ እንደሱ ነው›› አላቸው፣ ሳይስቅ።

እኔ ግን ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። ነርሷ ዞር ብላ አየችኝና፣ መቼም መጥተሃል፣ ያንተም ይለካ አለችኝ። ኧረ እኔ ደህና ነኝ፣ ምንም አያመኝም አልኳት። ክንዴን ጠቅልላ ለካች። ቁጥሩን አየችው። ሐኪሙን ጠራችው።

ጠዋት የጠፋው የጋሽ እንድሪስ ፈገግታ ያኔ ተመለሰ። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ ‹‹አይዞህ ልጄ›› አሉኝ፣ ‹‹ለዕድሜ ልክ ብቻ ነው።››