መልስ የምትጠብቀው ሴት

«ደህና ነህ?» ብሎ ጠይቆ መልሱን ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? አይግጠማችሁ! እኛ ሰበታ አንዲት አለች፤ ወርቄ የምትባል የአእምሮ ጤና አማካሪ። ድሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆና ቤት ለቤት ስለ መጸዳጃ ቤት ስትጠይቅ፣ ሰው ጉድጓዱን እያሳያት የሆዱን እያወራ ያለቅስባት ነበር። ስለዚህ እንደገና ተማረችና ጥያቄዋን ወደ እንቅልፍ አዞረችው። እስቲ አሁን የሰው እንቅልፍ ይጠየቃል?

ጎረቤቴ ኦቦ ቶሎሳ በሬዎቻቸውን ሸጠው ከቤት አልወጣ ሲሉኝ ጊዜ እሷን ይዤ ሄድኩ። የበሬ ገመድ ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ?» ብላ ደህንነታቸውን በኦሮምኛ ጠየቀች።

«ነጋ፤ ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ጨዋ ሰው እዚህ ላይ ስለ ዝናቡ ያነሣል። ወርቄ ግን ዝም ብላ ታያቸዋለች። ዝምታው ጣራውን ይዞት የሚነሣ መሰለኝ። እግዚኦ! ሰው ይመስገን ካለ አለቀ አይደል እንዴ? ላብ አጠመቀኝ። ዝናቡን ላነሣ አፌን ስከፍት በዓይኗ አስዘጋችኝ።

ኦቦ ቶሎሳ ገመዱን ዘረጉላት። «ውሰጂልኝ፣ ልጄ። እቤት ሲያድር እፈራለሁ።»

ከዚያ ብዙ አወሩ፤ በማግስቱም ጤና ጣቢያ አብራቸው ልትሄድ ተስማሙ። ስንወጣ ገመዱን እንደያዘች ወደ እኔ ዞረች።

«አንተስ፣ ደህና ነህ?»

ስለ ዝናቡ ጀመርኩላት።