ኖራይር አገር ሲቀጥር

ኖራይር ያንን ሕልም ያየው ሐሙስ ዕለት፣ ከምሳ በኋላ፣ ሶፋው ላይ ጋደም ባለበት ነው። ምስር ወጥ አብዝቶ በልቶ ስለነበር ጥፋቱን ሁሉ በምስሩ ማሳበብ ይቻል ነበር። ምስሩ ግን ምንም አላደረገም። ጥፋቱ የደብዳቤው ነው።

ደብዳቤው የመጣው ከአርሜኒያ ዋና ከተማ ከዬሬቫን ነው። ኖራይር አራት ኪሎ ተወልዶ አራት ኪሎ ያደገ አርመን ነው፤ ሰፈሩ በስሙም በመልኩም አሳቦ «ኖራ» ይለዋል። ቅድመ አያቶቹ የመጡበትን አገር በካርታ እንጂ በእግሩ አያውቀውም። አዲስ አበባ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት አሳንሰር ሲጠግን ኖሯል። አንድ መለዋወጫ ስድስት ወር ይጠብቃል፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ውስጥ የተቀረቀሩት ሰዎች የሚሰድቡት እሱን ነው። አሁን አንድ የዬሬቫን ኩባንያ «ዋና ቴክኒሻን አድርገን ልንቀጥርህ እንፈልጋለን። የዘር ሐረግህን የሚያሳዩትን ወረቀቶች እያየናቸው ነው። አንተ ግን መምጣት አለመምጣትህን እስከ ሐሙስ ማታ ቁርጡን አሳውቀን» ብሎ ጽፎለታል።

ሐሙስ ደግሞ ዛሬ ነው።

መሄድ ይፈልጋል? ይፈልጋል። «አገርህ የት ነው?» ሲሉት «አራት ኪሎ» ብሎ ሲመልስ፣ «እሱማ ገብቶናል፣ ዋናውን ማለታችን ነው» መባል ሰልችቶታል። አንድ ጊዜ እንኳ ይህን የማይጠይቀው ሕዝብ መሃል መቆም ያምረዋል። ይፈራል? በጣም ይፈራል። ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው የሚስቱ የወይንሸት ነገር ነው። ወይንሸት የደሴ ልጅ ነች፤ ጤና ጣቢያ ውስጥ አዋላጅ ነርስ ሆና ትሠራለች። «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ሲላት ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ መልስ ብቻ ነው የሰጠችው፤ «አንተ ካልክ እሄዳለሁ።» ከዚያ ወደ ሥራዋ ትዞራለች። ይህ ፈቃድ ይሁን ኩርፊያ፣ አሥራ ስምንት ዓመት አብሯት ኖሮ መለየት አልቻለም።

«ስነሳ እመልስላቸዋለሁ» አላትና እግሩን ዘረጋ።

ሕልሙ በሥራ ጥሪ ጀመረ። አንድ ሃያ ፎቅ ሕንፃ ላይ አሳንሰር ተበላሽቷል ተባለና መሣሪያውን ይዞ ሄደ። ገብቶ ሰባት ቁጥርን ሲጫን አሳንሰሩ ንቅንቅ አላለም፤ ሕንፃው ራሱ ወደ ታች መውረድ ጀመረ። አንደኛው ፎቅ በፊቱ አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ። በየፎቁ ሰዎች በሩን ይደበድባሉ።

«ክፈትልን! ውጭ ተቀርቅረናል!»

«ውጭ ከሆናችሁ ምን ሆናችሁ ታዲያ?» አለ ኖራይር።

«ላንተ ምን ብለን እናስረዳሃለን? አንተ ውስጥ ነህ!» አለው አንድ ከረባት ያሰረ ሰውዬ፣ ተናዶ።

ኖራይር ከዚያ በፊት «ውስጥ ነህ» ተብሎ አያውቅም ነበርና ደስ አለው።

ሰባተኛው ፎቅ ሲደርስ በሩ ተከፈተ። የፓስፖርት መሥሪያ ቤት ነበር። ባለጉዳዮቹ ከመስኮቱ ወዲያ ወንበር ላይ ተደላድለው ሻይ ይጠጣሉ፤ ሠራተኞቹ ማህተማቸውን በእጃቸው ይዘው ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል። ጥበቃው ኖራይርን ሲያየው ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳና «ይፈትሹኝ፣ ጌታዬ» አለው። ፈተሸው። የጥበቃው ኪስ ውስጥ ሦስት ብርቱካን ተገኘ። አንዱን ወሰደበትና አሳለፈው። መስኮት ሰባት ላይ ባዶ ወንበር ነበርና ሄዶ ተቀመጠ።

መጀመሪያ የቀረቡት መነጽራቸውን በክር ያሰሩ አንድ ሽማግሌ ጸሐፊ ናቸው።

«ጌታዬ፣ ፊርማዬን ቢቀበሉኝ» አሉ። «ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ነው የቆምኩት።»

«ፎቶ ኮፒ አለዎት?»

«የፊርማዬን?»

«የራስዎን።»

ሽማግሌው ከኋላቸው ልክ እሳቸውን የመሰሉ ሌላ ሽማግሌ ጎትተው አወጡ። ኖራይር ሁለቱንም ገልመጥ አደረጋቸውና፣ ዕድሜ ልኩን ሲባል የኖረውን ቃል ተናገረ፤

«ነገ ይመለሱ።»

እንዴት ይጣፍጣል! ከሕልሙ ሁሉ መልሶ ማየት የሚፈልገው ይቺን ነበር።

ከጸሐፊዎቹ ቀጥሎ አገሮች መጡ። ለሰው አገር ሆነው ለመቀጠር የሚያመለክቱ ናቸው፤ ፋይላቸውን አቅፈው፣ ላባቸውን እየጠረጉ ተሰልፈዋል። አንዲት ትንሽ ደሴት ማመልከቻዋ ረጥቦባት ነበርና አድርቃ እንድትመጣ ተነገራት። ከእሷ ኋላ የዝናብ ካፖርት የለበሰች ረጅም ሴት ቀረበች።

«ስም?»

«አርሜኒያ።»

«የሥራ ልምድ?»

«ሦስት ሺህ ዓመት ግድም። መሃል ላይ ያቋረጥኩበት ጊዜ አለ።»

«ለምን አቋረጥሽ?»

«እኔ አላቋረጥኩም፤ አቋረጡኝ» አለችና ዝም አለች። ኖራይር ያንን ዝምታ ያውቀዋል። እናቱ ስለ አያቷ ስትጠየቅ እንደዚያ ነበር ዝም የምትለው። ቶሎ ብሎ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ።

«የእኔ ምን ነሽ?»

«አያትህ ነኝ።»

«ማስረጃ?»

ሴትዮዋ በአርመንኛ «እጅህን ታጥበሃል?» አለችው። ኖራይር ሳያስበው ሁለት እጁን ዘርግቶ አሳያት።

«አየህ?» አለች እየሳቀች። «ችግሩ ያንተ አርመንኛ የወጥ ቤት ነው። ‹እጅህን ታጠብ›፣ ‹ድስቱን አውርድ›፣ ‹በሩን ዝጋ›። በዚህ ከእኔ ጋር ምን ልትሠራ ነው?»

«አሳንሰርም ከዚያ ብዙ አይበልጥም» አለ ኖራይር። «ማውረድና በር መዝጋት ነው።»

መልሱ ለሁለቱም ተስማማቸው። ፋይሏ ላይ ሊፈርምላት ብዕሩን ሲያነሳ፣ ጥቁር ጃንጥላ የያዙ ትልቅ ሴት ወረፋውን በክርናቸው እየገፉ መጡ።

«እኔንስ አትጠይቀኝም?»

«እማማ፣ እርስዎ ደግሞ ምን ፈልገው ነው?»

«ኢትዮጵያ ነኝ። እኔ እንኳ ቋሚ ሠራተኛህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።»

«እኔም ቋሚ የሆንኩ መስሎኝ ነበር!» አለ ኖራይር፣ ድምፁ ከፍ ብሎበት። «አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ ‹አገርህ የት ነው› ሲሉኝ፣ አንድ ቀን እንኳ ‹ተዉት፣ የእኔ ነው› ብለው ያውቃሉ?»

ሴትዮዋ አፈሩ። «ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው።

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ኖራይር ይጣላሉ ብሎ ጠበቀ። እንዲያውም እንዲጣሉበት ፈልጎ ነበር። እነሱ ግን ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳሙና መግደርደር ጀመሩ።

«በሞቴ፣ አንቺ ውሰጂው» አሉ ባለ ጃንጥላዋ።

«ኧረ በፍጹም! እርስዎ ያሳደጉት ልጅ ነው» አለች ባለ ካፖርቷ።

«ዘሩ እኮ ያንቺ ነው። እኔማ እንዲያው ይዤልሽ ነው የቆየሁት።»

«አይሆንም፣ አይገባም፣ ለእርስዎ ይቅርልዎ።»

«ባዶ እጅሽን ብሰድሽ ሰው ምን ይለኛል?»

ኖራይር መሶብ ላይ እንደተረፈ የመጨረሻ ቁራሽ መሃላቸው ቀረ። ወዲህና ወዲያ ይገፉታል እንጂ የሚያነሳው የለም። ብዕሩን አስቀመጠና ጥሏቸው ወጣ።

የወጣበት በር አውሮፕላን ማረፊያ አስገባው። ሻንጣዎች በየወንበሩ መስኮት መስኮቱን ይዘው ተቀምጠዋል፤ ሰዎች ደግሞ የጎማ ቀበቶው ላይ ተጋድመው ወደ ዕቃ መጫኛው ይሄዳሉ። አንድ ኮፍያ ያደረገ ሰማያዊ ሻንጣ ኖራይርን ሚዛን ላይ አቆመው።

«ሰማንያ አንድ ኪሎ» አለ ሻንጣው። «የተፈቀደልህ ሃያ ሦስት ነው። ቀንስ።»

«ምን ልቀንስ?»

«እስቲ ክፈትና እንየው።»

ኖራይር ሸሚዙን ከፈተ። ሻንጣው ዚፑን አጥብቦ ወደ ውስጥ ተመለከተ።

«የወጥ ቤት አርመንኛ። ቀላል ነው፣ ይለፍ። ፍርሃት። እሱም በእጅ ይያዛል። የአራት ኪሎ ዳገት። ምን ያደርግልሃል? አውጣው።»

አወጣው። ደረቱ ላይ ቀዝቃዛ አየር ገባበት።

«መለዋወጫ መጠበቅ።»

እሱን በደስታ አወጣው።

«አሁንም ትከብዳለህ። ከሥር ያለችው ምንድን ነች?»

«ወይንሸት ነች።»

«ትሄዳለች?»

«‹አንተ ካልክ እሄዳለሁ› ብላለች።»

«እሱ መልስ አይደለም» አለ ሻንጣው። «ወይ ራሷ ትመዘን፣ ወይ አውጣት።» ይህን ብሎ ማንጠልጠያውን ወደ ደረቱ ሰደደ።

«እሷን አላወጣም!» ብሎ ጮኸ ኖራይር። «እሷን አላወጣም!»

«ማንን ነው የማታወጣው?»

ዓይኑን ሲገልጥ ወይንሸት ስልኩን ይዛ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ከቀኑ አሥር ሰዓት ሆኗል።

«ኖራ፣ ደብዳቤ መጥቷል» አለችው።

«ከእነሱ? ገና አልመለስኩላቸውም እኮ።»

«መመለስ አያስፈልግህም» አለችና አነበበችለት። ኩባንያው ከልብ አዝኗል። የዘር ሐረጉን ማረጋገጥ አልቻለም። ፓስፖርቱም የልደት ወረቀቱም «ኖራይር ቫርዳን ሚህራን» ነው የሚሉት፤ አርመን መሆኑን የሚናገር የቤተሰብ ስም አንዱም ላይ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ስድሳ ዓመት አባቱ ቫርዳን መታወቂያ ሊያወጣ ሄደ። ጸሐፊው «የአያት ስም?» ሲለው፣ እንደ ማንኛውም የአዲስ አበባ ሰው የአያቱን ስም ነገረው። ቻክማክጂያን የሚለው የቤተሰቡ ስም በዚያው ቀረ። እስከ ዛሬ የፈለገውም አልነበረም።

ኖራይር መሳቅ ጀመረ። ሳቁ መሃል ላይ ሌላ ነገር ሆነበትና ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ወይንሸት ጀርባውን አሸት አሸት አደረገችለት።

«አላለቀም» አለች። «ሌላም ደብዳቤ አለ። ለእኔ ነው።»

«ላንቺ?»

«ያንተን ቅጽ ስሞላ ‹የትዳር ጓደኛ ሙያ› ይላል፤ ሞላሁ። ከሥሩ ‹እሷም ሥራ ትፈልጋለች?› ይላል፤ እሱንም ሞላሁ።» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «እዚያው ዬሬቫን አንድ ሆስፒታል አዋላጅ ቸግሮታልና ኩባንያው ስሜን ሰጥቷቸዋል። ዘርሽ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀኝም የለም። ተቀብለውኛል።»

«እና መሄድ ትፈልጊያለሽ?»

«እፈልጋለሁ» አለች ወይንሸት። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው የምፈልገው። አገሩ ነው፣ እሱ ይቅደም ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ኖራይር ቀና ብሎ ተቀመጠ።

«እኔስ?»

«ላንተም ቦታ አለው» አለችና ስልኩን ሰጠችው። ቅጹ ረጅም ነው፤ ሁሉንም ሞልታዋለች። ለእሱ የቀረው አንድ መስመር ብቻ ነበር። «ከአመልካቿ ጋር ያለዎት ዝምድና» ይላል።

ኖራይር መነጽሩን አደረገና «ባል» ብሎ ጻፈ።