ዶሮዎቻችን ከቆጥ የወረዱ ጊዜ

ሰው ለዶሮ ያለው ንቀት ይገርመኛል። ሥጋዋን እንወዳለን፣ እንቁላሏን እንወዳለን፣ እሷን ግን ከቁም ነገር የሚቆጥራት የለም። በጊዜ የሚተኛ ሰው ስናይ እንኳ «እንደ ዶሮ» እያልን እናሾፍበታለን። ዶሮን ከልቡ የሚያከብር ፍጡር ቢኖር ጅብ ብቻ ነው፤ እሱም አክብሮቱን የሚገልጸው በሚያውቀው መንገድ ነው።

እኔ ዶሮን ማክበር የጀመርኩት በጣሊያን ጊዜ፣ ቀራንዮ፣ ባለቤቴ የሺ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ሳለች ነው። ያን ጊዜ ቀራንዮ የዛሬው ቀራንዮ እንዳይመስላችሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ ወዲያ ያለው ሁሉ ጫካና ወንዝ ነበር፤ ጅቡም ከእኛ ቀድሞ የሰፈረ ስለሆነ እንደ ባለርስት ነበር የሚንጎራደደው። የእኛ ሀብት ስድስት ሴት ዶሮና አንድ አውራ ዶሮ ነው። ለየሺ አራስነት የተቀመጡ ናቸው። ቅቤው ጠፍቶ፣ እህሉ ጠፍቶ፣ ሰው ቆሎ ቆርጥሞ በሚያድርበት ዘመን አራስ በምን ትጠገናለች? ቀን ከሌት የሚያስጨንቀኝ ይኸው ነበር።

ዶሮዎቹ የሚያድሩት እንደ ማንኛውም ጎረቤት ዶሮ እቤት ውስጥ፣ ከአልጋችን በላይ ካለው ቆጥ ላይ ነበር። አዎ፣ አንዳንድ ጊዜ ከላይ ጠብ የሚል ነገር አለ። ግን በሩን ዘግተን ከቀረቀርን በኋላ የትኛው ጅብ ይደፍረናል?

በዚህ መሐል ነው እንግዲህ ጣሊያን አገራችንን ቀምቶ ሲያበቃ ስለ ጤናችን ማሰብ የጀመረው። አንድ ጠዋት ነጭ ካፖርት የለበሰ ሹም ከአስተርጓሚ ጋር መጣና ቀና ብሎ ቆጡን አየ። ባርኔጣው ላይ አንድ ነገር ጠብ አለበት። ከዚያ በኋላ የተናገረውን አስተርጓሚው ሙሉውን የነገረን አይመስለኝም። አሳጥሮ የነገረን ይህን ነው፤ ሰውና ዶሮ በአንድ ቤት ማደር ክልክል ነው፤ ሹሙ ተመልሶ ሲመጣ ይህንኑ ካገኘ ዶሮዎቹ በሙሉ ይወረሳሉ። የሺ አስተርጓሚውን ትእዛዙ ለጅቡም ደርሶት እንደሆነ ጠይቅልኝ አለችው። እሱ መሬት መሬት እያየ ወጣ።

ደጅ ላይ የጭራሮ ማደሪያ ሠራሁላቸው። በሦስተኛው ቀን ስንነሳ ማደሪያው ፈርሷል፤ ሁለት ዶሮ የለም። የሺ ላባውን እየለቀመች አለቀሰች። ድሮ ቢሆን ጅብ ሲመጣ ጎረቤት ሁሉ ችቦ ይዞ እሪ ይላል። ያን ጊዜ ግን በጨለማ እሪ ያለ ሰው ከጅብ የከፋ ይመጣበታል። ጠመንጃ እንደሆነ ተለቅሟል።

ጎረቤታችን አቶ ሸምሱ ከስልጤ የመጡ፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ፣ አሮጌ ብረት የሚነግዱ ሰው ነበሩ። «ልጄ፣ ጅብን ጭራሮ አይመልሰውም። ድንጋይ ነው የሚያዋጣህ» አሉኝ። በማግስቱ ቆርቆሮና እሾሃም ሽቦ ይዘው መጡ። ከየት እንዳገኙት ብጠይቃቸው አንተ ዶሮህን ጠብቅ ብለው ዘጉኝ። በዚያ ዘመን እሾሃም ሽቦ ማን ዘንድ እንደሚገኝ መቼም አይጠፋችሁም።

ዶሮዎቹን በድብቅ ወደ ቆጡ መልሰን ግንባታ ጀመርን። ሰው አንዴ ከጀመረ መቼ ይበቃኛል ይላል? ጅቡ ሥር ሥሩን ቆፍሮ እንዳይገባ መሠረቱን በጥልቀት ቆፈርን፣ ግድግዳውን በድንጋይ አቆምን። አቶ ሸምሱ ዶሮ ትታፈናለች ብለው መስኮት አወጡለት። እኔ ደግሞ እንቁላል ለመልቀም ምን ያጎነብሰኛል ብዬ ጣራውን ከፍ አደረግሁት፤ ውስጡንም መርጌ ነጭ አፈር ቀባሁት። የሺ የሳር ቤታችን ደጃፍ ላይ ተቀምጣ «አንተ ሰውዬ፣ ሙሽራ ልታስገባበት ነው?» ትለኛለች። አልሰማኋትም። ቤተ መንግሥት የሚያሠራ ንጉሥ ሚስቱን ይሰማል?

ግድግዳው እስኪደርቅ ስንጠብቅ ሹሙ ከተፍ አለ። ዝናብ ስለነበር ዶሮዎቹ በሙሉ ቆጥ ላይ ናቸው፤ አንዷማ እንቁላል ታቅፋለች። የሺ ሆዷን ይዛ ግድግዳውን ተደገፈች።

ሹሙ ግን ዓይኑ ቀድሞ ያረፈው ግንቡ ላይ ነው። ገብቶ ግድግዳውን ዳሰሰ፣ መስኮቱን አየ፣ ፈገግ አለ። አስተርጓሚው በአዲሱ ቤታችሁ ደስ ብሎታል አለኝ። የዶሮ ነው ልል አፌን ስከፍት የሺ እግሬን ረገጠችኝ። ሹሙ ቀጥሎ ወደ ሳር ቤቱ አንገቱን አስገባና ወዲያው አወጣ። የዶሮ ቤታችሁ ግን ይሸታል አለን። አልጋችንን አይቷል እኮ! ስለ አልጋው ሳይጠይቅ አልቀረም፤ አስተርጓሚው የሺን አየት አደረገና ረዘም ያለ ነገር በጣሊያንኛ ነገረው። በኋላ ምን እንዳለው ስጠይቀው፣ የታመሙ ዶሮዎች የሚተኙበት ነው ብዬዋለሁ አለኝ። ስለዚያ ሰው የማስበውን ብዙ ክፉ ነገር ያን ዕለት ቀነስኩለት።

ሹሙ ግንቡ በር ላይ «የሰው መኖሪያ» የሚል ወረቀት ለጠፈ። በየወሩ እየመጣ እንደሚያይም አስጠነቀቀ። ምን እናድርግ? ያንኑ ቀን አልጋችንን ተሸክመን ዶሮ ቤት ገባን፤ ዶሮዎቹ ሳር ቤታችንን ይዘው ቀሩ።

መጀመሪያ ላይ አፍሬ ነበር። ግን ግንቡ ዝናብ አያስገባም፣ ጅቡም ዞሮ ዞሮ ይመለሳል። የሺ እዚያው በሰላም ወንድ ልጅ ወለደች። አቶ ሸምሱ መስኮቱ ሥር ቆመው ዱዓ አደረጉ፤ የንስሐ አባታችንም መጥተው ጠበል ረጩ። ከአራቱ ሴት ዶሮዎች ሁለቱ ለአራሷ ሆኑ፤ የታቀፈችውም ፈለፈለች። የሺ ወዟ ሲመለስ፣ ልጄም ሲወፍር እያየሁ፣ ይሄም ክፉ ቀን ያልፋል ማለት ጀመርኩ። ከልቤ ነበር ያልኩት።

አለፈም። ሰንደቅ ዓላማችን ተመልሶ ሲሰቀል እልል ብለን ወረቀቱን ቀደድነው፣ አልጋችንንም ተሸክመን ወደ ሳር ቤታችን በክብር ተመለስን። ለካ ዶሮዎቹ ሃያ ደርሰዋል። ስናባርራቸው ይወጣሉ፤ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ተሰልፈው ይገባሉ። አንድ ሳምንት ሙሉ በመጥረጊያ ተዋጋን። በስምንተኛው ቀን የሺ ልጇን አቅፋ፣ በል አልጋውን ወደ ግንቡ መልሰው አለችኝ።

እንግዲህ ጣሊያንን ከአገር ያስወጣን ሰዎች ዶሮን ከቤት ማስወጣት አቅቶን፣ ይኸው እስከ ዛሬ የምንኖረው ዶሮ ቤት ነው።