ፔርዲታ ማለት ምርቃት ነው ያልኩት እኔ ነኝ

ወዳጆቼ፣ በአንድ ቃል ብቻ የሰው ቤት ጣራ አንስቻለሁ ብላችሁ ታምናላችሁ?

በእጄ አይደለም። በምላሴ!

ይህን የምጽፍላችሁ ወሬው የጎሬን ዳገት ሳይወጣ ከራሴ ስሙት ብዬ ነው። ሌላ ሰው ሲያወራው ጨው ይጨምርበታል። ጨው እንደማያስፈልገው ደግሞ አሁን ታያላችሁ።

እንደምታውቁት ጣሊያን አገሩን ከያዘ ወዲህ መቱ ገበያ ላይ አዲስ ቃል በዝቷል። ካፒታሌ! ኢንተሬሴ! ሶቾ! ነጋዴው ሁሉ ግራ ገብቶታል። እኔን ግን ምንም ግራ አልገባኝም። እኔ ተርጓሚ ነበርኩ።

ማን ሾመኝ? ራሴ!

ጎሬ አንድ ጣሊያን መጋዘን ውስጥ ሦስት ወር ሠርቻለሁ። ይህን ለሰማም ላልሰማም ነግሬያለሁ። ሥራዬ ምን እንደነበረ የጠየቀኝ ግን የለም።

ጆንያ መስፋት ነበር።

እውነት ለመናገር ሦስት ቃል በደንብ አውቅ ነበር። ካፒታሌ ንግድ የሚጀመርበት ዋናው ገንዘብ ነው። ኢንተሬሴ ወለድ ነው። ሶቾ ሸሪክ ነው። እነዚህን ሦስቱን ይዤ መቱ ላይ እንደ ሊቅ ተንጎራደድኩ። ሰዎች መንገድ ላይ እያስቆሙ "ጋሼ ደምሰው" ይሉኝ ጀመር። በሃያ ስድስት ዓመቴ ጋሼ! እስቲ ማን ይህን ይጠላል?

ታዲያ ባለፈው የቡና ለቀማ እንዳለቀ አንድ ጣሊያን ነጋዴ መጣ። ቡና በሊራ ልግዛ አለ። ማን ሊሸጥለት! እኛ አገር የሚታመነው ጠገራ ብር ነው። ዳሪሙ ገበያ ወርዳችሁ የወረቀት ሊራ ብትመዙ ቡና ቀርቶ እንቁላል የሚሰጣችሁ የለም።

ሰውየው መላ ፈጠረ። "ቡናችሁን አዋጡና ሸሪክ ሁኑ። አንድ ላይ ጭነን አዲስ አበባ እንሸጣለን። ድርሻችሁን በዕቃ ትወስዳላችሁ። ጨው ያለ ጨው፣ አቡጀዲ ያለ አቡጀዲ፣ ቆርቆሮ ያለ ቆርቆሮ" ብሎ በአስተርጓሚው አስነገረ።

ውሉ በሚነበብበት ቀን አስተርጓሚውን ወባ ጣለው።

ማን ብድግ አለ? አትጠይቁኝ!

አሥራ አንድ ሰው ተሰብስቧል። ከፊት የተቀመጡት ጋሼ ኑሩ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ቡና የነገዱ፣ ሚዛናቸው ከሃኪም ቃል በላይ የሚታመን ሰው። ከጎናቸው ጎረቤቴ እትዬ ዝናሽ አሉ። ባላቸው ከሞተ ወዲህ ማር እየሸጡ የሚኖሩ ሴት ናቸው። እናቴ ካረፈች ጀምሮ በዓል በመጣ ቁጥር እኔን ሳይጠሩ ገበታ አይቀርቡም።

ነጋዴው ያነባል፣ እኔ እተረጉማለሁ። "እያንዳንዱ ሶቾ እንደ ድርሻው ፕሮፊቶና ፔርዲታ ይካፈላል" የሚል ቦታ ደረስን።

"ፕሮፊቶ ማለት ትርፍ ነው" አልኩ። ይህን ከመጋዘኑ ጌታ ሰምቼው ነበር።

"ፔርዲታስ?" አሉ ጋሼ ኑሩ።

ፔርዲታ! በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም። አሥራ አንድ ሰው አፌን ያየኛል። እትዬ ዝናሽ "ይሄንን ልጅ እኮ እኔ ነኝ ያሳደግኩት" በሚል ዓይን ዙሪያውን ይቃኛሉ።

አሰብኩ። ከትርፍ ጎን የሚቀመጥ ነገር ምን ሊሆን ይችላል? ክፉ ነገር ከትርፍ ጎን ይቀመጣል?

"ፔርዲታ ማለት ምርቃት ነው" አልኩ። "ማር ስትሸጡ ከሚዛን በላይ ጠብ የምታደርጓት የለችም? እሷ ናት።"

ሁሉም ደስ አላቸው! እትዬ ዝናሽ ከአራት ጆንያ ቡናቸው ሁለቱን ብቻ ሊያዋጡ ነበር የመጡት። ምርቃት ሲሰሙ አራቱንም አስገቡ። ማታውኑ ዶሮ ላኩልኝ።

በላሁት። ጣፋጭ ነበር።

ወራት አለፉ። በዚህ ሳምንት ሰኞ ከነጋዴው ቤት መልእክተኛ መጣ። "ዘንድሮ ፕሮፊቶ የለም፤ ፔርዲታ ግን አለ። ሐሙስ ኑ" አለ።

"ትርፉስ ይቅር፣ ምርቃቱ መች አነሰን!" ተባባሉ ሸሪኮቹ። እኔም "አላልኳችሁም?" አልኩ። እግዜር ይይልህ በሉኝ!

እትዬ ዝናሽ ዝናቡ ሳይጠና ቤታቸውን ቆርቆሮ ሊያለብሱ ቆርጠዋል። ሠራተኛ ጠሩ። ትናንት የጣራውን ሳር በሙሉ አስወረዱት።

በሙሉ!

ዛሬ ጠዋት በአሥራ አንዱ ሸሪክ ፊት ፊት እየመራሁ ወደ ነጋዴው ቤት ሄድኩ። የተዋስኩትን ኮት ለብሻለሁ። እትዬ ዝናሽ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቆርቆሮ የሚሸከሙ ሁለት ሰዎች ከኋላቸው አስከትለዋል።

አስተርጓሚው ድኖ ከነጋዴው አጠገብ ቆሟል።

"በሉ፣ ፔርዲታዬን ስጡኝ" አሉ እትዬ ዝናሽ።

አስተርጓሚው ዓይኑን አፈጠጠ። "እትዬ፣ ፔርዲታ ምን መሰለዎት?"

"ምርቃት ነዋ!"

"ኪሳራ ነው'ኮ እትዬ! መኪናው መንገድ ላይ ጭቃ ውስጥ ሰምጦ ቡናው በዝናብ ሻገተ። ከሦስት እጅ ሁለቱ ጠፋ። በትርፍ የሚካፈል ሸሪክ በኪሳራም ይካፈላል፤ ውሉ የሚለው ይህንን ነው። ምርቃት ያላችሁ ማን ነው?"

አሥራ አንድ ራስ ወደ እኔ ዞረ።

እኔም ማንን እንደሚያዩ ለማወቅ ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ኋላዬ ግድግዳ ነው።

ነጋዴው ነገሩ ሲተረጎምለት ሳቀ። እንባውን እስኪጠርግ ሳቀ። ከዚያ እትዬ ዝናሽን አየና ሳቁን ዋጠው፤ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ነበርና።

"ትናንት እኮ ነው ሳሩን ያስወረድኩት" አሉ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው።

ወዳጆቼ፣ ቢሰድቡኝ በወደድኩ። አልሰደቡኝም። ቀና ብለውም አላዩኝም።

ጋሼ ኑሩ ግን በዝግታ ወደ እኔ ቀረቡ። "አንተ ጉርባ፣" አሉኝ። ልጅ ማለታቸው ነው። ጋሼነቴ እዚያች ላይ አበቃ! "አማርኛው 'አላውቅም' ይላል። ኦሮምኛው 'ሂን ቤኩ' ይላል። ጣሊያንኛው ቃል የለውም?"

"አለው" አልኩ አንገቴን ደፍቼ። "ኖን ሎ ሶ።"

"እሱንም ታውቀው ኖሯል እንዴ!"

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ምናለ! በዚያች ቅጽበት የማውቀው ቃል ከቆጠርኩት በአንድ እንደሚበልጥ አወቅኩ። የሚያስፈልገኝ ደግሞ ያ አንዱ ብቻ ነበር።

ጋሼ ኑሩ ቆይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ሸሪክ በኪሳራ እንዳለበት እኔስ መች ጠፋኝ። ምርቃት ስትለን ረሳሁት። ጥፋቱ ያንተ ብቻ አይደለም። የሚበዛው ግን ያንተ ነው።"

ልክ ናቸው። የሚበዛው የእኔ ነው።

ለእትዬ ዝናሽ የተረፋቸው ድርሻ ስምንት ቆርቆሮ አወጣ። ስምንት ቆርቆሮ አልጋቸውንና ምድጃቸውን ያለብሳል፤ ሌላውን አያለብስም። ሰማዩ ደግሞ በኡካ መንደር በኩል ጠቁሯል።

ኮቱን አውልቄ ለባለቤቱ መለስኩ። ማጭድ ይዤ ረግረጉ ዳር ወረድኩና ሳር አጨድኩ። ጋሼ ኑሩ ለራሳቸው ማድቤት ያከማቹትን ሳርም አበደሩኝ። ሸሪኮቹ ሐረግ እየቆረጡ አቀበሉኝ። እኔ ጣራ ላይ፣ መላው ሰፈር ታች!

"ሊቁ ወጣ!" አለች አንዷ። ሳቁ እስከ ወንዙ ተሰማ።

ከዋናው ዝናብ ትንሽ ቀድመን ጨረስን። መሀሉ ቆርቆሮ፣ ዳር ዳሩ ሳር። እንደ እኔ ጣሊያንኛ፣ እዚህም እዚያም የተጣጣፈ ቤት ሆነ። ገና አንድ ቦታ ያፈሳል። ከሚያፈሰው ስር ቅል ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ ክረምቱ እስኪወጣ ድረስ ጠዋት ጠዋት እየመጣሁ የምደፋውም እኔ ነኝ።

የመጨረሻውን ቆርቆሮ ስመታ እትዬ ዝናሽ ከታች ጠሩኝ። ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሜን ጠሩ!

"ደምሰው! ቆርቆሮው ላይ የታተመው ምን ይላል?"

አጎንብሼ አየሁ። "ዚንካቶ" ይላል።

"ምን ማለት ነው?"

ጋሼ ኑሩ መሰላሉን እንደያዙ ቀና ብለው አዩኝ። መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል፤ "ዝናብ የማያስገባ" የሚል መልስ! ልብ አድርጉ፣ እጄ ላይ ገና የማጭዱ ቁስል አልደረቀም!

አንድ ጭብጥ ሳር አፌ ውስጥ ከተትኩና ነከስኩ። እንደዚያው ሆኜ ራሴን ነቀነቅኩ፤ አላውቅም ማለቴ ነው።

"ተመስገን!" አሉ እትዬ ዝናሽ።

ጥሩ ትምህርት ነው። ገብቶኛል። ከእንግዲህ የማላውቀውን አልተረጉምም።

ግን እስቲ እናንተ ፍረዱኝ፤ ቆርቆሮ ላይ የተጻፈ ቃል… "ዝናብ የማያስገባ" ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?