ከጉዳይ በፊት ወሬ

የሕዝብ ተመራጭ ድምፅ ከተቆጠረ ወዲያ ስልኩን ያጠፋል የሚል ሰው፣ እኛ ሰፈር ኖሮ አያውቅም። ከእኛዋ ለማምለጥ ስልክ ማጥፋት ያለብህ አንተ ነህ፤ እሱም አያድንህም፣ ቤት ድረስ ይመጣሉ።

ክብርት ወይዘሮ ናስትሆ የጅግጅጋ ሰው ናቸው፣ የቀበሌያችን ምክር ቤት አባል። ሰፈሩ «ኤዶ» ነው የሚላቸው፣ አክስቴ እንደማለት። ጠዋት ጠዋት ገበያ ላይ የግመል ወተት ይሸጣሉ፤ ቢሮአቸውም እዚያው በርጩማቸው ላይ ነው። ጉዳይ ይዘህ ስትሄድ መጀመሪያ «ወረን?» ይሉሃል፤ ወሬ ንገረኝ ነው። በሶማሌ ወግ ወሬ ሳይለዋወጡ ጉዳይ ማንሳት ነውር ነው። አንዴ ለመታወቂያ ምስክር እንዲሆኑኝ ሄጄ ስለ ጎረቤቴ ፍየል አወላለድ አውርቼ ተመለስኩ። የራሴን ወሬ ግን ለማንም አላወራም፤ አመሌ ነው።

የእኔ መከራ የምክር ቤቱ ቃለ ጉባኤ ያዥ መሆኔ ነው። ኤዶ እዚያም ሲነሱ በወሬ ነው የሚጀምሩት። ሰብሳቢው «ወደ ነጥቡ ይግቡ» ሲላቸው «እየሄድኩ ነው፣ መንገዱ ረጅም ሆኖ ነው» ይሉታል። እኔም ሁሉን ጠቅልዬ «ሰላምታ አቅርበዋል» ብዬ እጽፋለሁ።

አምና ለሁለት ሰፈር አንድ የውሃ ቦኖ መጣ። ለየተመራጩ ሦስት ደቂቃ ተሰጠ። የወዲያኛው ሰፈር ተመራጭ አቶ ዐብዲረዛቅ በኮምፒዩተር የተጻፈ ሠንጠረዥ ይዘው ቀረቡ። እኔ ከስብሰባው በፊት ኤዶን ለምኛቸው ነበር።

«ኤዶ፣ በሞቴ፣ ዛሬ እንኳ ቀጥታ ቦኖው ይሰጠን ይበሉ።»

«ወሬውን ያልሰማ ሰው በምን ይፈርዳል?» አሉኝ።

ተነሡ። «ሱዕዲ መንታ ወልዳለች፤ በሦስተኛው ሳምንት ጄሪካን ተሸክማለች። ሻርማርኬ አህያው ሞተችበት፤ ውሃውን አሁን በገዛ ጀርባው ነው የሚያመጣው።» በቃ፣ ቦኖው ሄደ ብዬ ብዕሬን አስቀመጥኩ።

«ይኸው ጸሐፊያችሁ ባስልዮስ፣» አሉ ወደ እኔ ዞረው፣ «ሚስቱ አትጠገብ ወገቧን ከታመመች ወር አለፋት። እሱ ጎህ ሳይቀድ ውሃ ቀድቶ ነው እዚህ የሚቀመጠው። ኩሩ ስለሆነ አይነግራችሁም።»

ሰዓቱ አለቀ። ቦኖ የሚለውን ቃል አንዴም አልጠሩም። እኔ ቀና ማለት አቃተኝ።

አቶ ዐብዲረዛቅ ሠንጠረዡን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «እኛ ቢያንስ የሚሠራ ጉድጓድ አለን፤ ለእነሱ ይሁን» ብለው መጀመሪያ እጃቸውን ያወጡት እሳቸው ናቸው። ቤቱም ተከተላቸው።

የዚያን ቀን ቃለ ጉባኤ ስድስት ገጽ ወጣው። አህያዋንም፣ የሚስቴን ወገብም አልዘለልኩም። እንዲህ ያለች ተመራጭ ያለችው ሰፈር ልጅ ነኝ ብዬ ኮራሁ።

በማግስቱ ላመሰግናቸው ገበያ ሄድኩ። አፌን ሳልከፍት «ወረን?» አሉኝ።

በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩና የራሴን ወሬ አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው።